ፈጣኑ ምርመራ ለማን ፈጠነ? የሳንባ ነቀርሳን በፍጥነት የሚለዩ የላቦራቶሪ ዘዴዎች ንጽጽር ከምዕራብ ዓባያ ሲመዘን

መግቢያ

ስለ መተንፈሻ አካላት ባክቴሪያዎች የላቦራቶሪ ምርመራ በየጊዜው በሚወጡ ጥናቶች ውስጥ “ፈጣን” የሚለውን ቃል ያህል የሚደጋገም ቅጽል ጥቂት ነው። የጥናቶቹም አሠራር እርስ በርሱ ይመሳሰላል። ሁለት ወይም ሦስት ዘዴዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ የካልቸር ምርመራ ዳኛ ሆኖ ይሰየማል፤ ከአንድ ሕመምተኛ የተወሰደ አክታ ተከፋፍሎ በየዘዴው ይመረመራል። በመጨረሻም እያንዳንዱ ዘዴ ከታመሙት ስንቱን እንዳገኘ፣ ካልታመሙት ስንቱን ነፃ እንዳለና ውጤት ለመስጠት ስንት ሰዓት እንደፈጀ በሰንጠረዥ ይቀርባል። አሸናፊው በሰንጠረዡ ይታወቃል፤ የጥናቱም መዝጊያ አብዛኛውን ጊዜ አሸናፊው ዘዴ በስፋት ሥራ ላይ እንዲውል የሚመክር ነው።

ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን የንጽጽር አሠራር ለመተቸት የቀረበ ነው። ትችቱ የቁጥሮቹን ትክክለኛነት አይመለከትም፤ ዋና ዋናዎቹ ጥናቶች በከፍተኛ ጥንቃቄ የተካሄዱ ናቸው። ጥያቄው የሚያርፈው በሰዓቱ አቆጣጠር ላይ ነው። አብዛኛው የንጽጽር ጥናት ሰዓቱን የሚያስነሳው ናሙናው ከመሣሪያው ሲገባ፣ የሚያቆመውም ውጤቱ ሲወጣ ነው። የሕመምተኛው ሰዓት ግን የሚጀምረው ሳሉን ይዞ ከጤና ኬላው ደጃፍ ሲደርስ ሲሆን፣ የሚቆመው የመጀመሪያውን መድኃኒት ሲውጥ ነው። የምርመራ ፍጥነት ሊለካ የሚገባው በዚህ በሁለተኛው ሰዓት ነው የሚለው ሐሳብ የጽሑፉ ማዕከል ነው።

ጉዳዩን ከአንድ የታወቀ ቦታ ሆኖ መመልከት ይጠቅማልና ምዕራብ ዓባያን መርጠናል። ምዕራብ ዓባያ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጋሞ ዞን የሚገኝ ወረዳ ነው። ዋና ከተማው ብርብር ሲሆን፣ ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው አውራ ጎዳና ወረዳውን አቋርጦ ያልፋል። በስተምሥራቅ የዓባያ ሐይቅ፣ በስተምዕራብ ወደ ጋሞ ደጋ የሚወጣው አቀበት ይገኛል። መካከሉ ሙዝ የሚለማበትና ወባ የሚበረታበት ቆላ ነው። በሐይቁ ላይ ደግሞ በጀልባ ካልሆነ የማይደረስበት የጊዲቾ ደሴት አለ። ስለዚህ ከዚህ ወረዳ ወደ ላቦራቶሪ የሚሄድ አክታ እንደተነሣበት ቀበሌ በአስፋልት፣ በእግር መንገድ ወይም በውሃ ይጓዛል። የንጽጽር ሰንጠረዦች እነዚህን ሦስት መንገዶች የሚያስገቡበት ዓምድ የላቸውም።

ተነጻጻሪዎቹ ዘዴዎች

ሮበርት ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ማግኘቱን በርሊን ላይ ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። ከዚያ ዘመን አንሥቶ የተሠራበት የአክታ የማይክሮስኮፕ ምርመራ ዛሬም በብዙ ጤና ጣቢያዎቻችን ያገለግላል። ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ የሚፈልገው ማይክሮስኮፕ፣ ቀለም፣ ስላይድና የሠለጠነ ዓይን ነው። ድክመቱም የታወቀ ነው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 የሚደርሱ ባክቴሪያዎች ከሌሉ በቀር ብዙውን ጊዜ አያያቸውም። በሕፃናትና ኤች አይ ቪ በደማቸው በሚገኝ ሰዎች ላይ ድክመቱ ይብሳል።

የካልቸር ምርመራ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ10 እስከ 100 ባክቴሪያ ቢኖር እንኳ አሳድጎ ያሳያል። ይሁን እንጂ ባክቴሪያው በዝግታ የሚራባ በመሆኑ ውጤቱ ሳምንታት ይወስዳል፤ ናሙናው ባዶ መሆኑን ለማረጋገጥ በፈሳሽ ማሳደጊያ እስከ 42 ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል። የባክቴሪያ መዛመትን የሚከላከል የተሟላ ላቦራቶሪም ይጠይቃል። በመሆኑም ዳኛ ለመሆን ይበቃል እንጂ ለወረዳ የዕለት ሥራ አይመችም።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል የነበረውን ክፍተት የሞላው ጂን ኤክስፐርት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2010 ደገፈው። አክታው ከማቅጠኛ ፈሳሽ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ካርትሪጅ ይገባል፤ ካርትሪጁም ወደ ማሽኑ ሞጁል ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የባክቴሪያው የዘር ቅንጣት የሚወጣውም የሚባዛውም በዚያው በተዘጋ ካርትሪጅ ውስጥ ነው። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ባክቴሪያው መኖር አለመኖሩን፣ ካለም ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋነኛ መድኃኒት መላመድ አለመላመዱን በአንድነት ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2017 የተከተለው አልትራ የተባለው ካርትሪጅ ለማየት የሚያስፈልገውን የባክቴሪያ መጠን በሚሊ ሊትር ከ100 በላይ ከነበረበት ወደ 16 ገደማ ዝቅ አድርጎታል። ቲቢ ላምፕ የተባለው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2016፣ በባትሪ ሊሠራ የሚችለው የህንዱ ትሩናት ደግሞ በ2020 የድርጅቱን ድጋፍ አግኝተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ቲቢ ላምፕ ስለ መድኃኒት መላመድ የሚናገረው ነገር የለም።

ሌሎቹን የሳንባ ምች ባክቴሪያዎች የሚለዩ ፈጣን ዘዴዎችም ቢኖሩ እዚህ ያላካተትናቸው በምክንያት ነው። ለምሳሌ ያህል የኒሞኮከስን ምልክት በሽንት ውስጥ የሚፈልገው ምርመራ በሕፃናት ላይ ብዙም አይረዳም፤ ብዙ ጤነኛ ሕፃናት ባክቴሪያውን በአፍንጫቸውና በጉሮሯቸው ይዘው ስለሚኖሩ የምርመራው “አለ” ማለት “በሽታው እርሱ ነው” ማለት አይሆንም። በአንድ ጊዜ ብዙ ተህዋስያንን የሚለዩት የዘር ቅንጣት ምርመራዎችም ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ግን ያለ በሽታ በጉሮሮ ውስጥ የሚኖር ነዋሪ ስላልሆነ በእርሱ ላይ የሚደረግ ንጽጽር ከሁሉም ይበልጥ ግልጽ መልስ ይሰጣል።

ንጽጽሮቹ ያረጋገጡት

ለአዲሱ ዘዴ የሚገባውን ምስጋና መንፈግ ተገቢ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ቤሜና ባልደረቦቿ በአምስት ቦታዎች 1,730 ሰዎችን መርምረው ባወጡት ጥናት አንድ የጂን ኤክስፐርት ምርመራ በማይክሮስኮፕ ከታዩት ሕመምተኞች 98.2 በመቶውን፣ በማይክሮስኮፕ ካመለጡት 72.5 በመቶውን አግኝቷል። ካልታመሙት ውስጥ 99.2 በመቶውን ነፃ ብሏል። ከዚያ በኋላ ብዙ ጥናቶች በአንድነት ሲመዘኑም ፍርዱ አልተለወጠም።

ይህ ለኢትዮጵያ ምን ማለት እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 የተካሄደው አገር አቀፍ የሳንባ ነቀርሳ ስርጭት ጥናት ያሳያል። ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ 100,000 ሰዎች ውስጥ በማይክሮስኮፕ የሚታይ የሳንባ ነቀርሳ ያለባቸው 108 ሲሆኑ፣ በባክቴሪያ ምርመራ የሚረጋገጠው ሁሉ ሲደመር 277 ይደርስ ነበር። በሌላ አነጋገር የማይክሮስኮፑ ዓይን ያረፈው ከአምስቱ በሁለቱ ላይ ነበር። በማይክሮስኮፕ ብቻ እንርካ የሚል ሰው የቀሩት ሦስቱ የት እንደሚሄዱ መመለስ ይኖርበታል።

የአልትራም ብልጫ በቁጥር ተገልጿል። ዶርማንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት የብዙ አገሮች ጥናት፣ በማይክሮስኮፕ ካመለጡ ሕመምተኞች ውስጥ የቀድሞው ካርትሪጅ 46 በመቶውን፣ አልትራ 63 በመቶውን አግኝቷል። ኤች አይ ቪ በደማቸው በሚገኝ ሕመምተኞች ላይ ከ77 ወደ 90 በመቶ ከፍ ብሏል።

የኛም አገር ላቦራቶሪዎች አስተዋጽኦ መዘንጋት የለበትም። አክታ መትፋት የማይችሉ ሕፃናትን በሰገራ ናሙና በዚሁ ማሽን ለመመርመር የሚያስችለው ቀላል አሠራር በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ባለሙያዎችና በሆላንዱ የሳንባ ነቀርሳ ተቋም ትብብር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 ለሕትመት በቅቷል። ጠቀሜታው ከማሽኑ መራቀቅ አልመጣም፤ ናሙናው ከማን፣ በምን ዓይነት ሁኔታ ሊገኝ ይችላል ከሚለው ጥያቄ የመነጨ ነው። ከዚህ በታች የምናነሣው ትችት በአብዛኛው ይህ ጥያቄ በንጽጽሮች ውስጥ አለመጠየቁን የሚመለከት ነው።

ንጽጽሮቹ የዘለሏቸው ነገሮች

የመጀመሪያው የናሙናው ጥራት ነው። ምራቅ ወደ ማሽን ቢገባ ውጤቱ የምራቅ ውጤት ነው፤ በሚሊ ሊትር 16 ባክቴሪያ የሚያይ ዘዴ እንኳ ባክቴሪያ የሌለበትን ምራቅ ሊረዳው አይችልም። በንጽጽር ጥናቶች ውስጥ ግን ብቁ ያልሆነ ናሙና አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ተለይቶ ይወጣል። ይህ የዘዴዎቹን አቅም ለመለካት ትክክል ቢሆንም በጤና ጣቢያ የሚሠራውን እውነተኛ ሥራ አይመስልም። በፓኪስታን ራዋልፒንዲ ከተማ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሞ የወጣ ጥናት አክታ እንዴት ከደረት እንደሚወጣ አጭር ማብራሪያ ከተሰጣቸው ሴቶች ውስጥ 13 በመቶው፣ ማብራሪያ ካልተሰጣቸው ውስጥ 8 በመቶው በማይክሮስኮፕ ባክቴሪያ እንደተገኘባቸው አሳይቷል። ጥቂት ደቂቃ የፈጀ ንግግር ያለ ምንም አዲስ መሣሪያ የተገኙትን ሕመምተኞች ቁጥር በግማሽ ያህል ጨመረ። በምዕራብ ዓባያ ይህ ንግግር በምን ቋንቋ ነው የሚደረገው? ከደጋው ለወረደች የጋሞኛ ተናጋሪ እናት ወይም ከጊዲቾ በጀልባ ለመጣ የባይሶ ወይም የሐሮ ተወላጅ “አክታ” እና “ምራቅ” የሚሉት ሁለት ቃላት በራሳቸው ቋንቋ ካልተለዩላቸው፣ ዘዴዎቹ ሁሉ ከጅምሩ እኩል ተሸናፊ ናቸው።

ሁለተኛው የመሣሪያው ኑሮ ነው። ጂን ኤክስፐርት የተሠራው ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ክፍል ውስጥ እንዲሠራ ሲሆን ካርትሪጁም ከ28 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ መቀመጥ አለበት። የስምጥ ሸለቆው ቆላ በበጋው መጨረሻ እነዚህን ወሰኖች ያለ ችግር ያልፋል። መብራት ሲቋረጥ በመካከል የነበረው ምርመራ ይበላሻል፤ አብሮም ካርትሪጁ ይባክናል። ሞጁሎች በየጊዜው ልኬታቸው መስተካከል አለበት፤ ሲበላሹም የሚተኩት ከሩቅ መጥተው ነው። ናሙናው አንዴ ያለ ውጤት ከተመለሰ ሕመምተኛው እንደገና ይጠራል፤ ሁለተኛ የሚጠራውም ሁሉ አይመጣም። በንጽጽር ሰንጠረዦች ውስጥ ግን ያለ ውጤት የተመለሱ ናሙናዎች ከስሌቱ ወጥተው በግርጌ ይቀመጣሉ፤ መሣሪያው ሥራ ያቆመባቸው ቀናትም ከነጭራሹ አይቆጠሩም። ለጥናቱ እነዚህ ቀናት የሉም፤ ለወረዳው ግን ሕመምተኛው ባዶ እጁን የተመለሰባቸው ቀናት ናቸው።

በዚህ ላይ የአቅርቦት ጉዳይ ይጨመራል። የካርትሪጁ ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2012 ከ16.86 ወደ 9.98 የአሜሪካ ዶላር፣ በ2023 ደግሞ ወደ 7.97 ዶላር ዝቅ ብሏል። ቅናሾቹ መልካም ቢሆኑም የተገኙት በዓለም አቀፍ ለጋሾች ድርድርና ግፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ማቋረጡ በለጋሽ ገንዘብ የሚሸፈን ምርመራ በአንድ ውሳኔ ሊናጋ እንደሚችል ለሁሉም አሳይቷል። የአንድ ዘዴ ብልጫ ሲነገር፣ ካርትሪጁ ባለቀበት ወር ብልጫው ስንት እንደሆነም አብሮ ሊነገር ይገባል።

ሦስተኛው የሐሰት ውጤት ጉዳይ ነው። በዶርማን ጥናት አልትራ በጠቅላላው ከታመሙት 88 በመቶውን ሲያገኝ የቀድሞው ካርትሪጅ 83 በመቶውን አግኝቷል፤ ነገር ግን ካልታመሙት ነፃ ያለው አልትራ 96 በመቶውን፣ የቀድሞው 98 በመቶውን ነው። ሁለት በመቶ ትንሽ ይመስላል። ለማስላት ያህል ሳል ያለባቸው 1,000 ሰዎች ተመረመሩ፣ ከእነርሱም 50ዎቹ በእርግጥ ታመዋል እንበል። አልትራ 44ቱን ያገኛል፤ የቀድሞው ከ41 እስከ 42 ያገኛል። ካልታመሙት 950 ሰዎች ውስጥ ግን አልትራ 38ቱን፣ የቀድሞው 19ኙን “ታመሃል” ይላቸዋል። ሁለት ወይም ሦስት ሕመምተኞችን ለማትረፍ 19 ጤነኞችን ለስድስት ወር መድኃኒት መዳረግ ማለት ነው። ከሐሰት ውጤቶቹ ብዙዎቹ ቀድሞ በሳንባ ነቀርሳ ታክመው በዳኑ ሰዎች ላይ የታዩ መሆናቸው እውነት ነው፤ ስለዚህ የቀድሞ ሕክምና ታሪክ በጥንቃቄ በሚጠየቅበት ቦታ ጉዳቱ ይቀንሳል። ሆኖም ጥያቄው የሚጠየቀው ከማሽኑ ፊት አይደለም፤ አክታው በተሰጠበት ቦታ፣ ሕመምተኛውን በሚያውቅ ሰው ነው። ናሙናው ያለዚህ ታሪክ ብቻውን ከተላከ አልትራ ያለውን ብልጫ በሐሰት ውጤት መልሶ ይከፍላል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

አራተኛውና ዋነኛው የውጤቱ መመለስ ነው። ይህን በቁጥር ማሳየት ይቻላል። የሚከተሉት ቁጥሮች ለማስረዳት የተወሰዱ እንጂ ከአንድ ወረዳ የተሰበሰቡ አይደሉም። 100 የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኞች አክታ ሰጡ እንበል። ማይክሮስኮፕ በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ 60ዎቹን አገኘ፤ ውጤቱ በዚያው ቀን ስለሚነገር ከእነርሱ 95 በመቶው ሕክምና ጀመሩ፤ ይህም 57 ሰው ነው። ጂን ኤክስፐርት 88ቱን ሊያገኝ ይችላል፤ ነገር ግን ማሽኑ ያለው በሩቅ ከተማ ስለሆነ ከናሙናዎቹ ሳይበላሹ የሚደርሱት 85 በመቶ፣ ውጤታቸው ተመልሶ ሕክምና የሚጀምሩት 80 በመቶ ቢሆኑ የመጨረሻው ቁጥር 60 ነው። ብዙ ወጪ የጠየቀው ዘዴ በሦስት ሰው ብቻ በለጠ። ያው ማሽን በቅርብ ቢሆንና 95 በመቶው ሕክምና ቢጀምሩ ግን ቁጥሩ ወደ 84 ይደርሳል። ስለዚህ የማሽኑ ብልጫ 3 ወይም 27 ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የሚወስነው በካርትሪጁ ውስጥ የሚሆነው አይደለም፤ ወሳኙ መንገዱና የሚመለሰው ወረቀት ነው።

ከላቦራቶሪው ደጃፍ ወጥተው የለኩ ጥናቶች

ይህን ያዩ ተመራማሪዎች አልጠፉም። ራሷ ቤሜ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣችው፣ 6,648 ሰዎችን ባካተተው ሁለተኛ ጥናት የሕመምተኛውን ቀናት ቆጥራለች፤ በማይክሮስኮፕ ያልታዩ ሕመምተኞች ሕክምና ለመጀመር የሚወስድባቸው ጊዜ በመካከለኛ ግምት ከ56 ቀን ወደ 5 ቀን እንደወረደ አሳይታለች። ይህ ትልቅ ውጤት ነው። ነገር ግን ማሽኖቹ የተተከሉት ሕመምተኞቹ በሚታከሙባቸው የከተማ ተቋማት ነበር፤ ስለዚህ አምስቱ ቀን የተገኘው በማሽኑ ብቻ ሳይሆን በቅርበቱም ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ጥናቶች ነገሩን ይበልጥ አወሳስበውታል። ቴሮንና ባልደረቦቹ በደቡብ አፍሪካ፣ በዚምባብዌ፣ በዛምቢያና በታንዛኒያ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት በዚያው ቀን ሕክምና የጀመሩት በማይክሮስኮፕ 15 በመቶ ሲሆኑ በጂን ኤክስፐርት 23 በመቶ ሆነዋል። በጥናቱ ማብቂያ ግን ሕክምና ላይ የነበሩት ሰዎች ብዛት በሁለቱም በኩል ተቀራራቢ ነበር፤ የበሽታው ጫናም ልዩነት አላሳየም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ማይክሮስኮፕ ያላየላቸውን ሕመምተኞች ሐኪሞቹ በምልክትና በራጅ ተመርኩዘው ያክሟቸው ነበር። በደቡብ አፍሪካ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ሌላ ሰፊ ጥናትም የስድስት ወር ሞት ከ5.0 ወደ 3.9 በመቶ መውረዱን ቢያሳይም፣ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ መመዘኛ የጸና አልነበረም። ተደናቂው ማሽን ተተክሎ የሞቱ ቁጥር የሚጠበቀውን ያህል ያልቀነሰው ለምን እንደሆነ መጠየቅ የሐያሲ ሥራ ነው።

መልሱ በከፊል ከዩጋንዳ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ የ20 ጤና ጣቢያዎች ጥናት አንደኛው ወገን በቦታው የሚሠራ ጂን ኤክስፐርት ብቻ አልተሰጠውም፤ የጤና ጣቢያው የሥራ ቅደም ተከተል በአንድ ቀን ምርመራና ሕክምና እንዲያልቅ ተደርጎ ተስተካከለ፤ ባለሙያዎቹም የሥራቸው ውጤት በየወሩ ይነገራቸው ነበር። በ14 ቀን ውስጥ ሕክምና የጀመሩት የተረጋገጡ ሕመምተኞች በዚህ ወገን 342፣ በተለመደው አሠራር 220 ነበሩ። ማሽኑ፣ የሥራው ቅደም ተከተልና የሰዎቹ ትጋት ሲገናኙ ፍጥነቱ ወደ ሕመምተኛው ደረሰ።

ከዩጋንዳ ይልቅ ለምዕራብ ዓባያ የሚቀርበው ግን የሲዳማ ምሳሌ ነው። ያሲን፣ ዳቲኮና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. ከ2010 መጨረሻ ጀምሮ ባካሄዱት ሥራ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት እየዞሩ የሚያስሉ ሰዎችን ለዩ፤ አክታ ሰበሰቡ፤ አክታውን በስላይድ ላይ ቀብተው አደረቁ። ተቆጣጣሪዎች ስላይዶቹን በሞተር ብስክሌት ወደ ላቦራቶሪ አደረሱ፤ ውጤቱንና መድኃኒቱን ይዘው ተመለሱ። ከ100,000 ሕዝብ በዓመት ከ64 የማይበልጡት በማይክሮስኮፕ የተረጋገጡ ሕመምተኞች 127 ሆኑ፤ ሕክምናቸውን በስኬት ያጠናቀቁትም ከ77 ወደ 93 በመቶ ከፍ አሉ። መሣሪያው ያው አሮጌው ማይክሮስኮፕ ነበር። የተፋጠነው መንገዱ ነው። የዚህ ጥናት ጸሐፊዎች ሁለት ዘዴዎችን አላነጻጸሩም፤ ሆኖም ስለ ፍጥነት ካነበብናቸው ብዙ ንጽጽሮች ይልቅ አስተምረውናል።

ቀድሞም ቢሆን ፍጥነት ከመሣሪያ ብቻ እንደማይመጣ የሚያስረዳ ሌላ ማስረጃ ነበረ። በኢትዮጵያ፣ በኔፓል፣ በናይጄሪያና በየመን 6,627 ሰዎችን ያሳተፈውና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ጥናት፣ ሕመምተኛው ለሁለተኛ ቀን እንዲመለስ ከሚያስገድደው አሠራር ይልቅ ሁለት አክታ በአንድ ቀን መውሰዱ ከቀድሞው እንደማያንስ አሳይቷል። ለከተማ ነዋሪ አንድ ቀን ትንሽ ነገር ነው፤ ከደጋው ለወረደ ገበሬ ግን አንድ ቀን ማለት የማደሪያ፣ የምግብና የትራንስፖርት ወጪ፣ አንዳንዴም እስከ መጨረሻው አለመመለስ ነው።

ለምዕራብ ዓባያ የሚጠቅመው ንጽጽር

ወረዳው ስለ ፍጥነት የሚያስተምር የራሱ ምሳሌ አለው። በወባው ቆላ ትኩሳት የያዘው ሰው ወደ ጤና ኬላ ሲሄድ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ከጣቱ ጥቂት ደም ወስዳ በሩብ ሰዓት ገደማ ውጤቱን ትነግረዋለች፤ ወባ ከሆነ መድኃኒቱን እዚያው ትሰጠዋለች። የወባው ፈጣን ምርመራ ከሠለጠነ የማይክሮስኮፕ ባለሙያ ዓይን በልጦ አይደለም ይህን ያህል የተከበረው፤ ምርመራው፣ ውጤቱና መድኃኒቱ በአንድ ክፍል ውስጥ ስለሚገናኙ ነው። ያው ሰው ወባ የለበትም ተብሎ ሳሉ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አክታው መንገደኛ፣ እርሱም ጠባቂ ይሆናል።

ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ወረዳ የሚካሄድ ንጽጽር ዘዴን ከዘዴ ብቻ ሳይሆን መንገድን ከመንገድ ማወዳደር አለበት። ቀጥሎ የምንዘረዝራቸው ቀኖች በእያንዳንዱ ጥናት እንዲመዘገቡ እንጠይቃለን፤ አክታው የተሰጠበት፣ ላቦራቶሪ የደረሰበት፣ የተመረመረበት፣ ውጤቱ ለሕክምና ባለሙያው የደረሰበትና የመጀመሪያው መድኃኒት የተዋጠበት። አምስቱም በጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ በእስክሪብቶ ሊጻፉ የሚችሉ ናቸው፤ ለመጻፋቸው ልዩ በጀት አያስፈልግም። ከእነርሱ ጋር ውጤት ሳይሰጡ የቀሩ ናሙናዎች፣ መሣሪያው ያልሠራባቸው ቀናትና ሕክምና ሳይጀምሩ የጠፉ ሰዎች ከስሌቱ ሳይወጡ መቅረብ አለባቸው። እንዲህ ሲሆን አስፋልቱ ዳር ያለች ቀበሌ፣ የደጋው ቀበሌና የጊዲቾ ደሴት ለየብቻቸው ይታያሉ። ለአስፋልቱ ዳር ናሙናን ወደ ማሽኑ መላክ፣ ለደሴቱ በተወሰነ ቀን በጀልባ ሄዶ አክታ መሰብሰብና ውጤቱን በስልክ መናገር፣ ለደጋው ደግሞ በሲዳማ የታየው የሞተር ብስክሌት ምልልስ የተሻለ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። መልሱን አስቀድሞ መናገር አይቻልም፤ መለካት ግን ይቻላል።

ማይክሮስኮፑንም ጨርሶ መጣል እንደማይገባ እዚህ ላይ ማስታወስ ያስፈልጋል። የዘር ቅንጣት ምርመራ የሞተውን ባክቴሪያ ከሕያው አይለይም፤ በመሆኑም ሕክምና ላይ ያለ ሰው እየዳነ መሆኑን ለመከታተል አያገለግልም። ለዚህ ሥራ ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። በአዲስ ሕመምተኞች ላይ የማይሠራበት ማይክሮስኮፒስት ግን ዓይኑ ይደክማል፤ ዕለት ዕለት ያልተሠራበት ሙያ ይጠፋልና። አዲሱን ዘዴ የሚተክል ሁሉ የአሮጌውን ዘዴ ሙያና የጥራት ቁጥጥር እንዴት እንደሚያቆየው አብሮ ማቀድ ይኖርበታል።

መደምደሚያ

ጂን ኤክስፐርትና ተከታዮቹ የሳንባ ነቀርሳን በመለየት ከማይክሮስኮፕ እንደሚበልጡ በበቂ ማስረጃ ተረጋግጧል። ይህን እንደገና የሚያረጋግጥ፣ በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ተጀምሮ እዚያው የሚያልቅ ሌላ ንጽጽር ለአገራችን ሕመምተኛ የሚጨምርለት ነገር እምብዛም ነው። የቀረው ጥያቄ ይህ ብልጫ በመንገድ ላይ ስንት እንደሚቀነስና ቅነሳውን በምን ማስቀረት እንደሚቻል ነው። በዚህ ጥያቄ ላይ አርባ ምንጭ ያለው ዩኒቨርሲቲ፣ የዞኑ ጤና መምሪያና የወረዳው ጤና ጣቢያዎች ከማንም ይልቅ ለመሥራት የተመቻቸ ቦታ ላይ ይገኛሉ፤ ሐይቁም፣ አቀበቱም፣ አውራ ጎዳናውም በእጃቸው ነውና።

የንጽጽር ጥናቶችን የምንገመግም የሙያ ባልደረቦችም ድርሻ አለን። “ውጤቱ በሁለት ሰዓት ይደርሳል” የሚል ዓረፍተ ነገር ሲቀርብልን ለማን እንደሚደርስ እንጠይቅ። ለማሽኑ መስኮት ከሆነ ጥናቱ ገና መካከል ላይ ነው። ከጤና ኬላው ተነሥቶ ወደ ሕመምተኛው የተመለሰ ከሆነ ያን ጊዜ ምርመራው በእውነት ፈጣን ነው።